የአርሶ አደሩ ስሌት፦ ሥጋትና ውሳኔ በዝናብ ጥገኛ እርሻ

በምሥራቅ አማራ ቆላማ አካባቢዎች፣ በተለይም በራያ ቆቦና በአጎራባች ወረዳዎች፣ ምን ይዘራ የሚለው ጉዳይ በአንድ ቀን የሚወሰን አይደለም። የሚያዝያ ዝናብ በወቅቱ ከጣለ አርሶ አደሩ ዘግይቶ የሚደርሰውን፣ አገዳው ረጅም፣ ምርቱም ከፍ ያለ የሆነውን የአካባቢውን ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ከቀረ ያን ዘር ወደ ቦታው መልሶ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ በመያዝ ሰኔን ይጠብቃል። ሰኔም እንደታሰበው ካልሆነ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል። ጤፉም ካልያዘለትና መሬቱ እርጥበት የሚይዝ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል።

በሰኔ ወር አጋማሽ ለሥራ ጉብኝት ወደ ሥፍራው የተጓዘ ባለሙያ ባዶ ማሳ ተመልክቶ «ይህ አርሶ አደር እስካሁን ለምን አልዘራም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ማሳው ግን ሥራ የፈታ አይደለም። ባለቤቱ ሁለት ውሳኔዎችን አሳልፎ ሦስተኛውን እየተጠባበቀ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የሚቀጥለውን አማራጭ እንዳይዘጋ ሆኖ የተቀመጠ ሲሆን፣ መጠበቅ ራሱ ዋጋ ያለው ተግባር መሆኑን አርሶ አደሩ ከአባቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጉዳይ ነው።

በአገራችን አብዛኛው እርሻ ዝናብን የሚጠብቅ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም በአማካይ አንድ ሔክታር ገደማ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ በቢሮ ውስጥ ከሚዘጋጅ ዕቅድ ጋር ሁልጊዜ አይገጣጠምም። ልዩነቱ በሪፖርቶች ላይ ብዙውን ጊዜ «የግንዛቤ እጥረት» በሚል ሐረግ ይገለጻል። ሐረጉ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው፤ አዲስ አሠራርን በቂ መረጃ ባለማግኘት ብቻ የሚያልፍ አርሶ አደር የለም ማለት አይቻልም። ብዙ ጊዜ ግን ሐረጉ ከመልስ ይልቅ የጥያቄው መዝጊያ ሆኖ ያገለግላል።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሥጋትንና እርግጠኝነት የሌለበትን ሁኔታ ለይተው ያያሉ። ልዩነቱን እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ በግልጽ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ፍራንክ ናይት ነው። በእርሱ አገላለጽ ሥጋት የሚባለው ውጤቱ አስቀድሞ ባይታወቅም ዕድሉ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሳንቲም ወደ ላይ ሲወረወር ሁለቱም ገጾች እኩል ዕድል እንዳላቸው ማለት ነው። እርግጠኝነት የሌለበት ሁኔታ ደግሞ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ዕድሉም የማይታወቅበት ነው።

ይህ ልዩነት ለእርሻ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ሠላሳ ዓመት ያረሰ ሰው የለመደው ዘር ዝናብ ሲያጥር ምን እንደሚሆን፣ ዋግ ሲመታው ምን ያህል እንደሚቀር፣ በየስንት ዓመቱ እንደሚከዳው በግምትም ቢሆን ያውቃል። ስለዚህ በለመደው ዘር ላይ ያለበት ሥጋት ነው። አዲስ ዝርያ ሲቀርብለት ግን ሰማዩ ያው ሆኖ ሳለ ዕድሉ የማይታወቅ ይሆናል፤ ዝርያው በምርምር ጣቢያ ማሳ ላይ ያሳየው ውጤት በእርሱ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይደገም እንደሆነ የሚነግረው ሰው የለም። አርሶ አደሩ በመጀመሪያው ዓመት ከማሳው ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ለይቶ አዲሱን ዘር ሲዘራ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የማይታወቀውን ዕድል ወደሚታወቅ ሥጋት መለወጥ ነው። በሪፖርት ቅጽ ላይ ግን ይህ ሰው «ፓኬጁን ያላሟላ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ነገሩን በቁጥር ለመመልከት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ እንጂ ከየትኛውም ወረዳ የተሰበሰቡ አይደሉም። አንድ ቤተሰብ ለዓመት ቀለብ፣ ለዘርና ለልዩ ልዩ ወጪ 10 ኩንታል እህል ያስፈልገዋል እንበል። የለመደውን ዘር ያለ ማዳበሪያ ቢዘራ በጥሩ ዓመት 15፣ በመካከለኛ ዓመት 13፣ በክፉ ዓመት 9 ኩንታል ያገኛል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ወስዶ ቢዘራ ደግሞ ዕዳውን ከፍሎ በጥሩው ዓመት 22፣ በመካከለኛው 16፣ በክፉው 4 ኩንታል ይቀረዋል። ሦስቱ ዓመታት እኩል ዕድል ካላቸው የመጀመሪያው አማራጭ አማካይ ከ12 ኩንታል በጥቂቱ ይበልጣል፤ የሁለተኛው ግን 14 ይሆናል።

የወረዳው ባለሙያ አማካዩን ይመለከታል፤ 14 ከ12 እንደሚበልጥም አያጠራጥርም። አርሶ አደሩ ደግሞ የሚያነጻጽረው 9 እና 4ን ነው። ዘጠኝ ኩንታል ያገኘ ቤተሰብ አንድ ኩንታል ይጎድለዋል፤ በግ ሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ዓመቱን ይወጣዋል። አራት ኩንታል የቀረው ግን ስድስት ኩንታል ይጎድለዋል። ይህን ጉድለት በግና ዶሮ አይሞላውም፤ በሬ ይሸጣል። ከጥንድ በሬው አንዱን የሸጠ አርሶ አደር በሚቀጥለው ዓመት ቀንጃ ይሆናል። መሬቱን ለማረስ ከሌላ ቀንጃ ጋር መቀናጀት፣ ተራ መጠበቅ፣ ብሎም መሬቱን ለሌላ በእኩል ወይም በሲሶ መስጠት ግድ ይሆንበታል። የአንድ ዓመት ክፉ ውጤት በዚህ መንገድ የብዙ ዓመታት ድህነት ይሆናል። አማካይ የሚሠራው ብዙ ጊዜ መሞከር ለሚችል ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፉ ዓመት ከውድድሩ የሚወጣ ሰው ወደ አማካዩ አይደርስም።

በምሳሌው ውስጥ ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጎተራው ከአምና የተረፈ እህል ያለው፣ ሁለት ሦስት በሬና ላም ያለው፣ ወይም ከተማ የሚሠራ ልጅ ያለው ጎረቤት 4 ኩንታልን ይቋቋማል። ስለዚህ አዲሱን አሠራር ቀድሞ የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ሞዴል አርሶ አደር ተብሎም ይሸለማል። ሌሎች በልምድ ልውውጥ ሰበብ ወደ ማሳው ይወሰዳሉ። ትጋቱ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ጎብኚዎቹ ማሳውን እንጂ ጎተራውን አያዩም፤ ልዩነቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ጎተራው ዘንድ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን በኢትዮጵያ ገጠር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ተከታታይ መረጃ ከተሰበሰበባቸው ቤተሰቦች ተነሥተው ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፣ ምርት በሚከሽፍበት ዓመት ፍጆታቸው በእጅጉ ሊያሽቆለቁል የሚችል ቤተሰቦች ማዳበሪያ ከመጠቀም እንደሚቆጠቡ አሳይተዋል። ገንዘብ ማጣት ብቻውን ሳይሆን የክፉው ዓመት ፍርሃትም ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው ማለት ነው። ማህሙድ የሱፍና ራንዳል ብለፍስቶን ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ከሚኖሩ አርሶ አደሮች ጋር በእውነተኛ ገንዘብ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች ትርፍ ብቻ ካለበት ምርጫ ይልቅ ኪሳራም ሊያስከትል በሚችል ምርጫ ፊት እጅግ ጥንቁቅ እንደሚሆኑ፣ ሀብት ሲጨምር ደግሞ ጥንቃቄው እንደሚላላ አመልክተዋል።

ክፉው ዓመት ይበልጥ የሚከፋበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአንድ ሰው በሬ ቢሞት፣ ቤቱ ቢቃጠል ወይም አባወራው ቢታመም ጎረቤትና ዘመድ ይደርሱለታል፤ ደቦውና ወንፈሉም ይታደገዋል። ድርቅ ግን የሁሉንም ደጅ በአንድ ቀን ያንኳኳል። የሚያበድረው ጎረቤትም እንደ ተበዳሪው ባዶ እጁን ነው። ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም እህል ገዢ ስለሚሆን የእህል ዋጋ ይሰቀላል። በደህናው ጊዜ በርካታ ኩንታል የሚያመጣ በሬ በክፉው ጊዜ የጥቂት ሳምንት ቀለብ ብቻ ያመጣል። ብዙ ቤተሰቦች ከብት ላለመሸጥ ሲሉ የዕለት ምግብ የሚቀንሱትም ለዚህ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በሬው የሚቀጥለው ዓመት እርሻ ነው።

ሥጋትን ማመዛዘን ምን ያህል መራራ ምርጫ ሊሆን እንደሚችል ጓያ ያስረዳል። ጓያ ድርቅንም ሆነ ውኃ የተኛበትን መሬት ተቋቁሞ፣ ማዳበሪያና ብዙ እርሻ ሳይጠይቅ የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ይሁን እንጂ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ወሎ ደላንታ አካባቢ ሌላው ሰብል በመክሸፉ ሕዝቡ ጓያን አብዝቶ ለመመገብ በመገደዱ በርካታ ሰዎች፣ በተለይም ወጣቶች፣ ለአካል ጉዳት መዳረጋቸው በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። ጓያን የዘራው አርሶ አደር አደጋውን አላወቀም ማለት አይቻልም። ያወዳደረው ምናልባት የሚመጣን ሽባነት በእርግጥ ከሚመጣ ረሀብ ጋር ነው። «አትዝሩ» የሚል ትምህርት ብቻውን ለውጥ ያላመጣው፣ በጓያ ቦታ በክፉ ዓመት የሚተርፍ ሌላ ሰብል ባለመቅረቡ ነው።

አርሶ አደሩ ሥጋትን የሚከፋፍልባቸው ሌሎች መንገዶችም ብዙ ናቸው። ማሳው በደጋና በቆላ፣ በገደላና በሜዳ ተበታትኖ መገኘቱ ለመካናይዜሽን የማይመች ቢሆንም፣ በረዶ አንዱን ሲመታ ሌላውን ያተርፍለታል። በትግራይ ስንዴና ገብስን ቀላቅሎ መዝራት የቆየ ልማድ ሲሆን ድብልቁ ሐንፈጽ ይባላል፤ ዝናብ ካጠረ ገብሱ፣ ከበቃ ስንዴው ጎተራ ይገባል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል እንሰት ለዓመታት መሬት ላይ ቆሞ የሚቆይና በቸገረ ጊዜ የሚፋቅ ጎተራ ነው። መሬትን በእኩል ማረስም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቁርጥ ገንዘብ ከፍሎ መሬት የተከራየ ሰው ምርቱ ቢከሽፍ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል። በእኩል ያረሰ ግን ክፉውን ዓመት ከባለመሬቱ ጋር ይካፈለዋል፤ ለዚህም በጥሩው ዓመት ግማሹን በመስጠት ዋጋውን ይከፍላል።

ሥጋት ከሰማይ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን በ1994 ዓ.ም. የታየው የበቆሎ ገበያ ሁኔታ በሚገባ አስተምሯል። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዳፕ፣ በዩሪያና በምርጥ ዘር የተደገፈ ሲሆን፣ በበቆሎ አምራች አካባቢዎች በርካታ አርሶ አደሮች ግብዓቱን በብድር ወስደዋል። ዝናቡም ስለተባበረ በ1993 እና በ1994 የምርት ዘመን ምርቱ ተትረፈረፈ። የመጓጓዣው፣ የመጋዘኑና የነጋዴው አቅም ግን በዚያው ልክ አላደገም ነበር። በዚህም የተነሣ በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ በአምራች አካባቢዎች ከግማሽ በታች ወረደ። የማዳበሪያው ዕዳ በብር የተቆረጠ ስለነበር ዋጋው በወረደ ቁጥር ዕዳውን ለመክፈል የሚሸጠው ኩንታል ጨመረ። አንዳንዶች ለአጨዳና ለማጓጓዝ የሚያወጡት ወጪ ከሽያጩ ስለሚበልጥ በቆሎውን ማሳ ላይ ተዉት። እነዚህ አርሶ አደሮች የተመከሩትን ሁሉ ፈጽመው የከሰሩ ናቸው።

በተከታዩ የዘር ወቅት የማዳበሪያ ግዢ መቀነሱ የሚያስደንቅ አልነበረም። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ በብዙ አካባቢዎች ሲያጥር ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። ትርፍ ምርትና ረሀብ በአንድ ዓመት ልዩነት መከታተላቸው የብዙዎችን ትኩረት የሳበ ሲሆን፣ ስለ ገበያ መረጃ፣ ስለ መጋዘንና ስለ ምርት ገበያ የተደረገው ውይይት በአመዛኙ ከዚያ ወቅት ወዲህ የተጠናከረ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ከዚህ አንፃር ብድር የሚመለስበት ጊዜ ዝርዝር የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ዕዳው ምርት እንደተሰበሰበ በታኅሣሥና በጥር ሲጠየቅ አርሶ አደሩ እህሉን ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋው ዝቅተኛ በሆነበት ወቅት ለመሸጥ ይገደዳል። በሐምሌና በነሐሴ ያንኑ እህል በውድ ዋጋ ተመልሶ ይገዛል። እንዲሁም ማዳበሪያው ዘግይቶ ሲደርስ የጠፋው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አርሶ አደሩ ዘሩን ሊዘራ በሚገባው ቀን ሁለት የማያውቃቸውን ነገሮች፣ ዝናቡንና የጭነት መኪናውን፣ አብሮ ለመገመት ይገደዳል። በአንጻሩ ዩሪያን በዘር ጊዜ ሳይሆን ሰብሉ ከያዘ በኋላ መጨመር እንዲችል ሲደረግ፣ ዝናቡን አይቶ የመወሰን ዕድል ያገኛል። በምክር ጽሑፎች ላይ ለዘመናት የሰፈረው በሔክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚል አንድ ወጥ መጠን ግን ለሁሉም አፈርና ለሁሉም የዝናብ ዓይነት የሚስማማ አልነበረም።

ክፉውን ዓመት ለማቅለል የተሞከሩ ሥራዎች አሉ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች በየዓመቱ በሚጠበቅ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል በማቅረብ፣ ቤተሰቦች ጥሪታቸውን እንዳይሸጡ ለማድረግ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ቁልፉ «በሚጠበቅ ጊዜ» የሚለው ነው። ክፍያው ሲዘገይ ቤተሰቡ ፍየሉን አስቀድሞ ይሸጣል፤ በኋላ የሚደርሰው ገንዘብ የተሸጠውን አይመልስም።

በትግራይ ክልል አዲ ሓ በተባለች ቀበሌ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ የሰብል ኢንሹራንስ 200 በሚሆኑ ቤተሰቦች ተጀምሯል። ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይና ንያላ ኢንሹራንስ በተሳተፉበት በዚህ ሥራ፣ ገንዘብ የሌላቸው አርሶ አደሮች አረቦኑን በአፈርና ውኃ ጥበቃ ጉልበታቸው እንዲከፍሉ መደረጉ አዲስ ነገር ነበር። በ2004 ዓ.ም. ዝናብ ባጠረባቸው ቀበሌዎች ከ1 ሺህ 800 በላይ አርሶ አደሮች ካሣ ማግኘታቸው ተገልጿል።

ይህ ዓይነቱ ኢንሹራንስ እያንዳንዱን ማሳ ስለማይመረምር ወጪው ዝቅተኛ ነው። ችግሩም ከዚያው ይመነጫል። መለኪያው ባለበት ዘንቦ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ካልዘነበ፣ ወይም ሰብሉን ያጠፋው ተባይ ወይም በረዶ ከሆነ ካሣ አይከፈልም። በዚህ ጊዜ ሰውየው ምርቱንም አጥቷል፣ አረቦኑንም ከፍሏል። በምሳሌያችን 4 የነበረው ኩንታል ወደ 3 ይወርዳል ማለት ነው። ክፉውን ዓመት የሚያሰላ ሰው እንዲህ ያለውን ውል በጥርጣሬ ቢያየው ኢንሹራንስ ስላልገባው ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ምናልባትም ከሻጩ በተሻለ ገብቶት ይሆናል።

የአየር ትንበያም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ የሚገልጽ ነው። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ 40፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 25 በመቶ ሊባል ይችላል። መልእክቱ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ብዙ ጊዜ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ወደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያጥራል። በመንገድ ላይ የወደቀው 25 በመቶ ግን ለአርሶ አደሩ ዋነኛው መረጃ ነበር፤ ከአራት ዓመት አንዱ ማለት ነውና። ዝናቡ ሲያጥርም ትንበያው እንደዋሸ ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰማው ሰው ይቀንሳል።

ከዚህም በላይ የወቅቱ ጠቅላላ የዝናብ መጠን አርሶ አደሩ የሚጠይቀውን አይመልስም። የእርሱ ጥያቄ ዝናቡ መቼ ይገባል፣ መሃል ላይ ስንት ቀን ያቋርጣል፣ መቼስ ይወጣል የሚል ነው። የክረምቱ ትንበያ በአብዛኛው ይፋ የሚሆነው በግንቦት መጨረሻ አካባቢ ነው። በራያ ቆቦ ረጅሙን ማሽላ ልዝራ ወይስ ልተው ብሎ የሚጨነቀው አርሶ አደር ግን ውሳኔውን በሚያዝያ ጨርሷል። ለእርሱ የሚጠቅመው መረጃ በበጋው መገባደጃ የሚወጣው የበልግ ትንበያ ሲሆን፣ ያም ቢሆን በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ዘሩን ከማውጣቱ በፊት በሚውልበት ገበያ ሊደርሰው ያስፈልጋል።